ልታርሺኝ ከመምጣትሽ በፊት

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ እማዬ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። መውለጃዬ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ስለ ስኳር ሕመሜ በስልክ ሳወራሽ «እሺ፣ እሺ» ብለሽ ስለምታልፊኝ ጻፍኩልሽ።

አሁን ብዙ ኢንሱሊን የምወጋው የእንግዴ ልጁ ሆርሞን የመድኃኒቱን ጉልበት ስለሚያዳክመው ነው። እሱ ከወጣ በኋላ ግን ያው መጠን ስለሚበዛብኝ ሐኪሞቹ ወዲያው ይቀንሱታል። ማጥባቱ ደግሞ ስኳሩን ይብስ ያወርደዋል። ማታ 3 ሰዓት የምወጋው ደፍራሹ ኢንሱሊን የሚበረታው ከ4 እስከ 8 ሰዓት ቆይቶ ነውና ክፉው ሰዓት ከሌሊቱ 7 እስከ 11 ነው። ሕፃኑ ለጡት የሚነሳውም ያን ጊዜ ነው። ሲነሳ መጀመሪያ መለኪያውን አቀብይኝ፤ እያጠባሁ የምቀምሰው ቁራሽ ዳቦም አጠገቤ ይኑር።

ካላበኝ፣ እጄ ከተንቀጠቀጠ፣ ያለ ነገሩ ከተነጫነጭኩ ወይም ንግግሬ ከተምታታ ስኳሬ ወርዷል። «ደህና ነኝ፣ ተዪኝ» ብልሽ አትመኚኝ። አስቀድመሽ ሕፃኑን ከእጄ ውሰጂ። ከዚያ ሞላ ሞላ ያለ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠሽ አጠጪኝ፤ የ300 ሚሊ ሊትር ኮካ ግማሹም ይሆናል፣ ዜሮ የሚባለው ግን አይረባም። በ15 ደቂቃው ለኪኝ፤ አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ድገሚው። ከፍ ሲል ዳቦ ስጪኝ። በዚያ ሰዓት ገንፎ አይሆንም፤ ቅቤው ስኳሩ ቶሎ ወደ ደም እንዳይገባ ያዘገየዋል። ራሴን ከሳትኩ በአፌ ምንም አታድርጊ፣ ያንቀኛል። ኢንሱሊንም እንዳትወጊኝ። በጎኔ አስተኝተሽ 907 ደውለሽ አምቡላንስ ጥሪ።

ገንፎሽን አልጠላሁም፤ እንዲያውም እሱን እያሰብኩ ነው የምከርመው! ብቻ ሁልጊዜ በዚያው ጭልፋ፣ በዚያው ልክ ይውጣልኝ፤ የምወጋው በምበላው ልክ ነው። አጥሚቱ ውስጥ ማርም ስኳርም አይግባ። ጥርት ያለውን ኢንሱሊን የምወጋው ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት ስለሆነ አራስ ጠያቂ መጣ ተብሎ ገንፎው ከዘገየ ሰው ፊት ልወድቅ እችላለሁ። እንግዳው ይጠብቅ።

ያልተከፈተው የኢንሱሊን ብልቃጥ ፍሪጅ ውስጥ ነው፣ ከበረዶ ቤቱ ራቅ ብሎ። አንዴ በረዶ ከሆነ ቢቀልጥም ይጣላል። የተከፈተው ከፍሪጅ ውጭ፣ ፀሐይና ሙቀት በሌለበት ይቀመጣል፤ ከ4 ሳምንት በኋላ ግን አልጠቀምበትም። ደፍራሹን በመዳፍሽ መሐል ቀስ አድርገሽ አንከባይው እንጂ አትነቅንቂው። ያገለገለ መርፌ ክዳን ባለው ወፍራም ፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል።

ጠበሉን አብረን እንጠጣለን፣ መርፌው ግን አይቋረጥም፤ በባዶ ሆድ መቆየትም የለም። አብሹም ቢሆን የኢንሱሊን ምትክ አይደለም። ቢያስመልሰኝና ምግብ እምቢ ቢለኝ እንኳ ኢንሱሊን ማቆም አደጋ ነው፤ ትውከቱ ከቀጠለ፣ ሆዴን ከቆረጠኝ ወይም ትንፋሼ ከበዛ ሳይነጋ ሆስፒታል ውሰዱኝ።

ስኳር ካለባት እናት የሚወለድ ልጅ የራሱም ስኳር ሊወርድ ስለሚችል በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ጡት መያዝ አለበት፤ ተረከዙን ወግተው ቢለኩት አትደንግጪ። ቅቤ እንዳታልሺው አደራ። ኢንሱሊኔ በጡት አልፎ አይጎዳውም።

ቅቤውን ለእኔ ይዘሽ ነይ፣ ማሩን ለአባዬ ተዪለት።

ልጅሽ