የመባ ገንዘብ በግልጽ ይቆጠር

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ አስራትና መባ ያወጣችሁት ጽሑፍ የምእመናንን የመስጠት ግዴታ በሰፊው ሲያብራራ፣ የተሰጠውን የሚያስተዳድሩ ወገኖችን ኃላፊነት ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር አልፎታል። በሐዋሳ የአንዲት አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን አባል እንደመሆኔ፣ አንዱ ያለ ሌላው ሊጸና አይችልም ብዬ አምናለሁ።

ሐዋርያው ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ላሉት ቅዱሳን የተዋጣውን ርዳታ ብቻውን አልያዘም፤ በ2ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8 እንደምናነበው፣ ነቀፋ እንዳይነሣ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ወንድም አብሮ እንዲጓዝ ተደርጓል። ይህ ጥንቃቄ ለእርሱ ካስፈለገ ለእኛ ሽማግሌዎችና ገንዘብ ያዦች አያስፈልግም ማለት አይቻልም። በከተማችን የዓሣ ገበያ በአሞራ ገደል ዓሣ ጠብሳ ከምትሸጥበት ቀንሳ፣ በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ብር በመባ ሣጥን የምትጨምር እናት ገንዘቧ ምን ላይ እንደዋለ የማወቅ መብት አላት፤ ጥያቄዋም እንደ እምነት ጉድለት ሊቆጠርባት አይገባም። በተለይ መባ በቴሌብርና በባንክ በሚላክበት በዚህ ጊዜ፣ ገንዘቡ በአገልጋይ የግል ሒሳብ መግባቱ ንጹሑን ሰው ጭምር ለሐሜት ይዳርጋል።

ስለዚህ እያንዳንዱ አጥቢያ መባውን በቤተ ክርስቲያኒቱ ስም በተከፈተ ሒሳብ ብቻ ይቀበል፤ በሣጥን የገባውንም ዝምድና የሌላቸው ሦስት ሰዎች በዕለቱ ቆጥረው ይፈርሙበት፤ የገቢና ወጪ ዘገባም በየሦስት ወሩ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

አንድ ምእመን፣ ከሐዋሳ