«አበባ ተካዮቹ»፦ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የ2017 ዘገባ

ዘንድሮም «አበባ ተካዮቹ» የሚለን አልጠፋም። ይሁን። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለውን ግድግዳ ያላያችሁ ግን እስኪ ሄዳችሁ እዩት።

ጎናቸው የተቀደደ 16 የዘይት ጀሪካኖች ተደርድረውበታል። ውስጣቸው ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉት ቀይ ጠጠር አለ፤ ላዩ ላይ ቄጠማና ካና በቅሏል። የእጅ መታጠቢያው ውሃ ከላይ ገብቶ ጠብ ጠብ እያለ ይወርዳል። ጠጠሩ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። ዓይን የማያያቸው ተሕዋስያን እዚያ ተጣብቀው ቆሻሻውን ይበላሉ፤ ከተረፈው ሥሩ ይመገባል። የሚወጣው ውሃ አይጠጣም፤ ሰላጣም አናጠጣበትም። ውሃ በፈረቃ ለሚያገኝ ግቢ ግን ለችግኝና ለሽንት ቤት ትልቅ ነገር ነው።

መጀመሪያ የሞላነው ጥቁር አፈር ነበር። በሳምንቱ ደፈነና ውሃው ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ተንጣለለ። አንዴ ደግሞ የዓርብ ውሃ በርሜል ውስጥ እስከ ሰኞ ቆይቶ ግቢውን አሸተተው። ተሕዋስያኑን የሚገድለው በረኪና የተደፋበትን ቀን ባናነሳው ይሻላል። ስብሰባ በየሁለት ሳምንቱ ረቡዕ ነበር፤ ቃለ ጉባኤው አለ።

ሚያዝያ ላይ አንድ ቅዳሜ የአንዲት 8ኛ ክፍል አባላችን ቤት ሄድን። እናቷ የሰው ልብስ አጥበው ነው የሚያሳድጓት። የእጥበቱ ውሃ በጎረቤት ደጅ ስለሚያልፍ ጭቅጭቅ አይጠፋም። ልጅቷ ለማንም ሳትናገር አጥሩ ላይ 6 ጀሪካን ሰቅላለች። «ጠጠሩን ከየት አመጣሽው?» አልኳት። አንገቷን ደፋች። ቤት ከሚሠራበት ቦታ ጥበቃውን ለምና በፌስታል በፌስታል አመላልሳዋለች። ኦሞ የበዛበትን የመጀመሪያውን ውሃ አታስገባም፤ ማለቅለቂያውን ብቻ ነው። ይህን እኔ አላስተማርኳትም። (ጭቅጭቁም በግማሽ ቀንሷል አለችኝ።) እናቷ ከታች የወጣውን በብርጭቆ ቀድተው ወደ ብርሃን አነሱና «መምህር፣ ውሃ ሁለቴ ይሠራል እንዴ?» አሉኝ። 14 ዓመት ሳይንስ ሳስተምር እንዲህ አሳጥሬው አላውቅም።

የውሃ መመርመሪያ የለንም። መለኪያችን ዓይንና አፍንጫ ነው። ሚኒ ሚዲያ ዘንድሮ አዲስ ድምፅ ማጉያ ተገዝቶለታል፣ እሰየው። እኛ የጠየቅነው አንድ ትንሽ ሮቶ፣ ጓንትና የፒኤች (የውሃው አሲድነት) መለኪያ ነው፤ ማመልከቻው ከጥቅምት ጀምሮ ጠረጴዛ ላይ ነው። ወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ) ቢያስብበት ደስ ይለናል። እስከዚያው ቤት የምትሠሩ ወላጆች፣ ሬድ አሽ ከተረፋችሁ ለጥበቃው ንገሩልን። ፌስታሉን እኛ ይዘን እንመጣለን።