የሥነ ፈለክ ክበብ፦ ኮከብ ሲደበዝዝ ያየንበት ዓመት

የሥነ ፈለክ ክበባችን ዘንድሮ አንድ ጥያቄ ይዞ ከረመ። ሌሎች ከዋክብትን የሚዞሩ ፕላኔቶች እንዴት ይገኛሉ? አምና ስለ ጨረቃና ስለ ጁፒተር ብዙ ስላወራን ልጆቹ ራሳቸው «ዘንድሮስ ራቅ እንበል» አሉ። ራቅን።

የማታው ስብሰባ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ነው። ሐይቁ ዳር ብንሆን ሰማዩ ይበልጥ ይጠራ ነበር። ግን ሲመሽ ጉማሬ ሣር ሊግጥ ይወጣል፤ ወላጆችም በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቁም። ደግነቱ ጣና ከከተማችን በስተሰሜን ነው። ሜዳችን ወደ ሐይቁ ስለሚያይ የባሕር ዳር መብራት ከኋላችን ይቀራል። መብራት የጠፋ ምሽት ደግሞ ለእኛ በዓል ነው።

ሥራው የተጀመረው ግን በቀን፣ ክፍል ውስጥ ነው። ፕላኔት ከኮከቧ ፊት ስታልፍ ብርሃኑን በጥቂቱ ትጋርዳለች፤ የሚፈለገውም ያ መደብዘዝ ነው። መስኮቶቹን በካርቶን ደፈንን። 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ግሎብ መብራት ኮከብ ሆነ። ብርሃን የሚለካ አፕ የተጫነበት ስልክ ከክፍሉ ጫፍ ተቀመጠ። አንድ ልጅ 4 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላትን የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ እንደ ፕላኔት በክር አንጠልጥሎ ግሎቡን አስታክኮ አሳለፋት። ቁጥሩ 4 በመቶ ገደማ ወረደ። የኳሷ ስፋት የግሎቡ አንድ አምስተኛ ነው፤ የምትሸፍነው ግን አንድ ሃያ አምስተኛውን ነው። በሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ የለፈለፍኩበትን ነገር ስልኩ በአንድ አፍታ አስረዳልኝ። ቀጥለን አንዲት የሰናፍጭ ፍሬ አሳለፍን። መሬት ከፀሐይ ፊት ስታልፍ በመጠን እንዲያ ናት። ስልኩ ንቅንቅ አላለም። የእኛ መሬት ከፀሐይ ብርሃን የምትጋርደው ከ10,000 እጅ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም።

ብሩህና ቅርብ ኮከብ የሚፈለገው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የመጠቀው የጠፈር ቴሌስኮፕ ኬፕለር በሺዎች የሚቆጠሩ ፕላኔቶችን አገኘ፤ አብዛኞቹ ከዋክብቱ ግን ሩቅና ደብዛዛ ነበሩ። በ2018 እሱን የተካው ቴስ በአራት ካሜራዎቹ ሰማዩን እየከፋፈለ፣ አንዱን ክፍል 27 ቀን ያህል እያየ፣ የሚያስሰው በቅርብ ያሉ ደማቅ ከዋክብትን ነው። ጥቅሙ ፕላኔቷን ካገኙ በኋላ ይመጣል። ፕላኔት ኮከቡን ትስበዋለች፤ እሱም በትንሹ ይወዛወዛል፤ ክብደቷ የሚታወቀው ከዚህ ነው። ውዝዋዜው የሚታየው ብርሃኑ በኅብረ ቀለም ሲበተን ነው። ደብዛዛ ብርሃን ሲበተን ምንም አይተርፍም።

ቴስ መጀመሪያ ያገኛት ፕላኔት ፓይ ሜንሴ የተባለውን ኮከብ ትዞራለች። ርቀቱ 60 የብርሃን ዓመት ያህል ነው፤ ዓመቷ 6 ቀን ከሩብ ብቻ ነው። ስፋቷ የመሬት ሁለት እጥፍ፣ ክብደቷ አራት ተኩል እጥፍ ገደማ ነው። ልጆቹ አሰሉት። ስፋት እጥፍ ከሆነ ይዘት ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ አራት ተኩል ለስምንት ሲካፈል ጥግግቷ የመሬትን ግማሽ ያህል ነው። እንግዲህ ዓለት ብቻ አይደለችም፤ ውሃ ወይም ጋዝ አለባት ማለት ነው። ኮከቡን ግን ከባሕር ዳር አናየውም። ወደ ደቡብ እጅግ ስለራቀ ከአድማስ በላይ አይወጣልንም።

የምናየው አልጎል የተባለውን ኮከብ ነው። አልጎልን የሚጋርደው ፕላኔት ሳይሆን ደብዘዝ ያለ ጓደኛ ኮከብ ነው። በየ2 ቀን ከ21 ሰዓቱ ገደማ ብርሃኑ ወደ ሲሶ ይወርዳል። ይህ ያለ ምንም መሣሪያ በዓይን ይታያል። ታኅሣሥ ላይ ሰዓቱን አስልተን ወጣን። በየግማሽ ሰዓቱ ከጎረቤቱ ከአልማክ ጋር እያወዳደርን በደብተር ጻፍን። በሌላ ጊዜ ሁለቱ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ማምሻውን ልዩነት መጣ። አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ግን «ቲቸር፣ ደመና ነው እንጂ ኮከቡ ምን ሆነ?» ብሎ ድርቅ አለ። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ቀበል አድርጋ «ደመና ከሆነ አልማክስ ለምን አልደበዘዘም?» አለችው። እኔ ዝም አልኩ። ባለሙያዎቹም በቴሌስኮፕ ሲለኩ አጠገቡ ካለ ኮከብ ጋር ነው የሚያስተያዩት።

እዚያው ሰፈር፣ በአልጎልና በአልማክ መካከል፣ ቡና አለ። የምሬን ነው። በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት አገሮች ለከዋክብት ስም እንዲያወጡ ሲጋብዝ፣ ኢትዮጵያ ኤችዲ 16175 የተባለውን ኮከብ ቡና፣ ፕላኔቱን ደግሞ አቦል አለችው። አቦል ክብደቱ ከጁፒተር አራት እጥፍ በላይ ነው፤ አንዴ ለመዞር 990 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። የተገኘውም በውዝዋዜው ነው። ቶናና በረካ ይኖሩ እንደሆን ተጠየቅሁ፤ እስካሁን የታወቀው አቦል ብቻ ነው። ቡና ያለ ባይነኩላር አይታይም። ቱሪስት ወፍ የሚያሳይ የአንድ ተማሪ አባት የእሱን አዋሰን። ክርናችንን አጥሩ ላይ ደግፈን በየተራ አየን። ነጥብ ነው። «ይኸው ነው?» ብሎ ቅር ያለው አልጠፋም። ከዐፄ ቴዎድሮስ ንግሥ በፊት የተነሳ ብርሃን መሆኑን ስነግራቸው ወረፋው እንደገና ረዘመ።

ሚኒ ሚዲያ ክበብ የአልጎልን ዘገባ ጠዋት ከሰልፍ በኋላ አስተላልፎልናል። ማታ ማታ አብረውን ያመሹት ጥበቃዎችም ይመስገኑ።

የሚቀጥለው ዓመት ሥራ በዓይን የሚታየው ፖሉክስ ነው፤ እሱም 34 የብርሃን ዓመት ላይ ሆኖ የራሱ ፕላኔት አለው። ምዝገባ መስከረም ላይ ነው። ቤቱ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ባይነኩላር ያለው ወላጅ ካለ ያውሰን፤ አንዱ ለዚህ ሁሉ ልጅ አልበቃም።