ለአሮጌ ጎማ ጨረታ ይወጣል፤ ለሰው ማህደርስ?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጋዜጣችሁን የማነበው ከኋላ ጀምሬ ነው። ጨረታው፣ የጠፋ ማህተሙ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያውና የስም ለውጡ ያለው እዚያ ነውና፣ የመዝገብ ቤት ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በእሱ ላይ ነው። በቅርብ እትማችሁ አንድ መሥሪያ ቤት ያገለገሉ ጎማዎች፣ የተሰበሩ ወንበሮችና የማይሠራ ጄኔሬተር ሊሸጥ ማስታወቂያ አውጥቶ አየሁ። ጎማዎቹ በዓይነትና በቁጥር ተዘርዝረዋል። ማየት የሚፈልግ በሥራ ሰዓት ግቢው ድረስ መጥቶ ማየት ይችላል። ኮሚቴ አለ፣ ቀን አለ፣ ሣጥን አለ። መልካም ነው፤ የሕዝብ ንብረት እንዲህ ነው መወገድ ያለበት።

አሁን እናንተን ልጠይቅ። «የሚከተሉትን መዛግብት ልናስወግድ ስለሆነ የሚመለከተው ሰው ቀርቦ ይመልከት» የሚል ማስታወቂያ አትማችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አንብቤ አላውቅም። ለጎማ የተሰጠው ክብር ለሰው ማህደር ለምን ተነፈገ?

የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው። ጡረታ የወጣሁ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። የተቀጠርኩት በደርግ ጊዜ፣ ከተማችን የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ሳለች ነው። ገቢና ወጪ ደብዳቤ ስመዘግብ፣ ፋይል ስከፍትና ገጽ ስቆጥር ነው የሸበትኩት። አሁን ደግሞ ሰፈር ውስጥ «እትዬ፣ እስቲ ማመልከቻ ይጻፉልኝ» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ስለዚህ ወረቀት ሲጠፋ የሚመጣውን ጣጣ ከመስኮቱ በሁለቱም በኩል ቆሜ አይቼዋለሁ።

አወጋገዱ በተግባር ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ቢሮ ይዛወራል፣ ወይም ሁለት መሥሪያ ቤት ይዋሃዳል፣ ወይም አዲስ ኃላፊ ይመጣና ኮሪደሩ ላይ እስከ ጣሪያ የተቆለለውን ክላሰር አይቶ «ይሄ ሁሉ ምንድነው?» ይላል። ኮሚቴ ይቋቋማል፤ አንድ ከፋይናንስ፣ አንድ ከንብረት፣ አንድ ከሰው ኃይል። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ቁልፍ ያዥ እንጂ አባል አይደለችም። ሕንፃው የሚለቀቀው አርብ ከሆነ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የክላሰሩን ጀርባ ብቻ እያነበቡ «ይሄ ይቆይ፣ ይሄ ይውጣ» ማለት ይጀመራል። የወጣው ወይ ግቢ ውስጥ ይቃጠላል ወይ በኪሎ ይሸጣል። በኪሎ የተሸጠውን ኋላ ገበያ ላይ እናገኘዋለን። ሄርማታ መርካቶ በርበሬ የተጠቀለለልኝ ወረቀት የአንድ ሰው የደረጃ እድገት ደብዳቤ ነበር፣ ከነማህተሙ። ሰውዬው ያንን ደብዳቤ የት የት ሲፈልግ እንደኖረ እግዜር ይወቀው።

አንዳንዴማ ኮሚቴም አያስፈልግም። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ መሬት ላይ የተቀመጠ ፋይል ክረምቱ ሳይወጣ ይሻግታል፣ ቀሪውን ምስጥ ይገባበታል። ከኮሚቴው በፊት ምስጡ ይወስናል። ኋላ ቃለ ጉባኤው ላይ «በተፈጥሮ አደጋ የተበላሸ» ተብሎ ይጻፋል፤ ሼልፍ ግዢ በየዓመቱ ከበጀት ላይ ሲሰረዝ የነበረው ግን አይጻፍም።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ አለ። ብዙዎቻችን ወመዘክር እያልን የምንጠራው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ የነበረ ነው። አዋጅ ቁጥር 179/1991 ደግሞ መሥሪያ ቤቶች መዝገባቸውን በገዛ ፈቃዳቸው ብቻ እንዳያስወግዱ የብሔራዊ ቤተ መዛግብቱን ድርሻ አስቀምጧል። በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መረጃ ጠይቆ የማግኘት መብት ተሰጥቶናል፤ ነገር ግን ወረቀቱ በርበሬ ከተጠቀለለበት በኋላ መብቱ የሚያስገኘው «ተፈልጎ አልተገኘም» የሚል በደንብ የታተመ ደብዳቤ ነው። ቤተ መዛግብቱ ያለው ከእኛ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አዲስ አበባ ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የሚሠራ ኮሚቴ ደግሞ ከአዲስ አበባ መልስ አይጠብቅም።

በሙያው ሲታይ አንድ መዝገብ ሲመዘን የሚጠየቀው ይታወቃል። ለዕለት ሥራ ይፈለጋል ወይ፣ በሕግ ማስረጃ ይሆናል ወይ፣ ለሒሳብ ምርመራ ያስፈልጋል ወይ፣ ለታሪክስ? ከዚያም ለእያንዳንዱ ዓይነት የመቆያ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ይህን ያህል ዓመት በእጅ፣ ይህን ያህል ዓመት በክምችት፣ ከዚያ ይወገድ ወይም ለዘለዓለም ይቆይ። መልካም። ግን እኔ አንድ ጥያቄ እጨምርበታለሁ፤ ይህ ወረቀት ቢጠፋ የማን እንጀራ ይቋረጣል?

ፔሮልን ውሰዱ። በሒሳብ ሰዎች ዓይን ፔሮል ኦዲት ከታየ በኋላ ያለቀለት ነገር ነው፤ የሠራተኛው የግል ማህደር ስላለ ፔሮሉ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ቢወገድ ምንም አይጎድልም ይባላል። የማውቃቸው አንድ አዛውንት በአንድ የመንግሥት እርሻ ጥበቃ ነበሩ። እርሻው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ማህደራቸው መንገድ ቀረ። ጡረታ ሲጠይቁ በሰነድ የተገኘላቸው አገልግሎት ከ10 ዓመት አነሰ፤ የዘለቄታ አበል ለማግኘት ደግሞ ቢያንስ 10 ዓመት ያስፈልጋል። ያወጣቸው ፔሮል ነው። አንድ ሒሳብ ሹም ይወገድ ተብሎ የተለየውን የ1970ዎቹ ፔሮል «ቦታ አልያዘብኝም» ብለው መጋዘን ጥግ ትተውት ኖሯል። የሰውዬው ስም፣ ደመወዝ፣ ለጡረታ የተቆረጠው፣ መፈረም አይችሉም ነበርና የአውራ ጣታቸው አሻራ በየወሩ ተደርድሮ ተገኘ። ማህደር አንድ ነው፤ ከጠፋ ጠፋ። ፔሮል ግን በወር በወር የተዘጋጀ ስለሆነ ግማሹ ቢበላሽ እንኳ ግማሹ ይመሰክራል። ይህንን ከክላሰር ጀርባ ላይ የሚያነብ ኮሚቴ የለም።

ወይም የቤት ነገር። በሐምሌ 1967 በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ ወርኃዊ ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለው ለኪራይ ቤቶች ተሰጠ። ያኔ በችኮላ የተሞሉት ቅጾች ከ50 ዓመት በኋላ ዛሬም ፍርድ ቤት ያስቆማሉ፤ ይህ ቤት ተወርሷል ወይስ ለባለቤቱ መኖሪያ የተተወ ነው? ፈረንጅ አራዳም ሆነ ቦሳ ሰፈር ብትሄዱ ይህን የሚከራከር ቤተሰብ አታጡም። የቀበሌ የኪራይ ካርኒ ጉርድ ብጣሽ ወረቀት ይመስላል። ክርክር የሚቆመው ግን ብዙ ጊዜ በእሱ ነው።

በእኛ አካባቢ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ፤ ሰው እንዳይቀየመኝ ቀስ ብዬ ልናገረው። እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ ያለው የመሥሪያ ቤት ወረቀት በአማርኛ ነው፣ ብዙውም በእጅ ጽሑፍ። ከዚያ ወዲህ ያለው በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ነው። ሁለቱም የእኛ ናቸው። ዛሬ መዝገብ ቤት የሚመደቡ ልጆች ጎበዞች ናቸው፤ ኮምፒዩተሩን እኔ ከማውቀው በላይ ያውቁታል። ግን የድሮውን የሒሳብ ሹም ጭረት ማንበብ ማንም አላስተማራቸውም። የማይነበብ ወረቀት ደግሞ ቶሎ «የማይጠቅም» ይሆናል። «ጠፋ» ከተባለው ፋይል ስንቱ የባለቤቱ ስም በሌላ አጻጻፍ ተመዝግቦ ሼልፉ ላይ ተቀምጧል!

ሁሉም ይቀመጥ እያልኩ አይደለም። እንዲያውም መዝገብ ቤትን የሚያፍነው ግልባጭ ነው። አንዲት የስብሰባ ጥሪ ትጻፋለች፤ ከግርጌዋ «ግልባጭ፦ ለ» ተብሎ ሰባት መሥሪያ ቤት ይደረደራል፤ ሰባቱም ቁጥር ሰጥተው ሰባት ፋይል ውስጥ ያስገቧታል፤ ስብሰባው ራሱ ሳይካሄድ ይቀራል። የመኪና መውጫ ፈቃድ፣ ያለፈ የዓመት ፈቃድ ጥያቄ፣ የበዓል መልካም ምኞት መግለጫ፣ የሥልጠና ጥሪ፤ እነዚህ ጊዜያቸው ሲያልፍ ቢሄዱ ማንም አያለቅስም። በእኔ ግምት ይህ ጓዝ በወቅቱ ቢወጣ ለቃለ ጉባኤው፣ ለቤትና ለመሬት ፋይሉ፣ ለፔሮሉ በቂ ቦታ ይገኛል። ፋይል ማስወገድ ሥራ ነው፤ በየዓመቱ ቢሠራ ኖሮ በየአሥር ዓመቱ ዘመቻ ባላስፈለገ።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ ከካሪቢያን ደሴቶች ከ1948 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በመርከብ የገቡ ሰዎች ሲደርሱ የሚሞላ የመግቢያ ካርድ ነበር። የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ በ2010 (እ.ኤ.አ.) ክሮይደን ከሚገኝ ሕንፃ ሲለቅ እነዚያን ካርዶች አስወገዳቸው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ በልጅነታቸው የገቡ ሽማግሌዎች «መቼ እንደገባችሁ አስረዱ» ሲባሉ ብዙዎቹ ማስረጃ አጡ። ሥራ የተነፈጉ፣ ሕክምና የተከለከሉ፣ ከአገር የተባረሩም ነበሩ። ካርዱን ያስወገደው ሰው የማንንም መብት ልንጠቅ ብሎ አልነበረም፤ ቢሮ ሲዛወር ነው የሆነው። እንደ እኛው።

አሜሪካ ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ሊያስወግድ ያሰበውን የመዝገብ ዓይነትና የመቆያ ጊዜውን ለብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ ያቀርባል፤ ዕቅዱም ሕዝብ አስተያየት እንዲሰጥበት በመንግሥት ጋዜጣ ይታወጃል። በ2017 (እ.ኤ.አ.) የኢሚግሬሽን ፖሊሱ መሥሪያ ቤት፣ በእስር ላይ ሳሉ የሞቱና ፆታዊ ጥቃት የደረሰባቸው ስደተኞች መዛግብት ከ20 ዓመት በኋላ እንዲወገዱ ጠየቀ። ቤተ መዛግብቱም ለመስማማት አዘንብሎ ነበር። ማስታወቂያው ሲወጣ ከ20 ሺህ በላይ አስተያየት ጎረፈ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2021 ዳኛው የቤተ መዛግብቱን ይሁንታ ሻሩት። እንግዲህ ሃያ ሺህ ሰው ይጮሃል ብዬ አይደለም። ጅማ ላይ አሥር ሰው መጥቶ «የአባቴ ፋይል እዚያ ውስጥ ነው» ቢል ይበቃኛል።

አሁን ደግሞ «ስካን አድርገናል፣ ወረቀቱ ይውጣ» የሚል አዲስ ምክንያት መጥቷል። ስካን የተደረገውን ልየው ስል ፊት ገጹ ብቻ ነው ያለው። የእኛ አገር ውሳኔ ግን የት ነው የሚጻፈው? ኃላፊው የሚጽፈው ምሪት ያለው ዳር ላይ ነው፤ «ይፈጸም» የሚለው በቀይ እስክሪብቶ ጀርባው ላይ ነው። ፋይሎቹም ስም የላቸውም፤ ስካን 0001፣ ስካን 0002 እየተባለ ይቀጥላል። ሃርድ ዲስኩ ደግሞ አንድ መሳቢያ ውስጥ፣ ቁልፉ አንድ ሰው እጅ ነው። ስለ ቴሌግራም ብናገር አልጨርስም፤ ዛሬ ትልልቅ ትእዛዝ በግሩፕ ይተላለፋል፣ ኃላፊው ሲቀየር ከግሩፑ ይወጣል፣ መዝገብ ቤት ግን የሰማው ነገር የለም።

የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። መሥሪያ ቤት መዝገብ ሊያስወግድ ሲያስብ ዝርዝሩን፣ ማለትም የመዝገቡን ዓይነት፣ ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው እንደሆነና የት እንዳለ፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ጽፎ ለ30 ቀን በበሩና በቀበሌው ሰሌዳ ይለጥፍ፤ ጋዜጣም ላይ ያውጣ፣ ከጎማው ጎን። የግለሰብ ስምና ምስጢር አይወጣም፤ «የሠራተኛ ፔሮል፣ ከ1968 እስከ 1983» ማለት ይበቃል። የሚቃወም ሰው በጽሑፍ ይቃወም፤ መልስም በጽሑፍ ይሰጠው። የተወገደው ዝርዝር ራሱ ግን ፈጽሞ አይወገድ፤ ቢያንስ ምን እንደጠፋና ማን እንደፈረመ ይታወቃል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ አጠገባችን አለ፤ ከኮሚቴው ውስጥ አንድ የታሪክ መምህር ቢኖር ማንን ይጎዳል? የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛም ቁልፍ ከመያዝ አልፋ ድምፅ ይኑራት።

የድሮ የእጅ ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ያጣ ኮሚቴ ካለ፣ አድራሻዬ ከዝግጅት ክፍሉ ይገኛል። አበል አልጠይቅም፤ መነጽሬን ይዤ እመጣለሁ። ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ግን ያዘጋጁልኝ፤ የመዝገብ ቤት አቧራ ገና ከደረቴ አልለቀቀም።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ከጅማ