እማዬ፣ «ስቡ ከየት መጣ?» ላልሽኝ

ይድረስ ለእማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የአልትራሳውንዱና የደም ምርመራው ወረቀት ደርሶኛል። «ጾሜን አልፈታሁ፣ ጮማ ከቀመስኩ ስንት ጊዜዬ፣ ታዲያ ጉበትሽ ላይ ስብ አለ ያሉኝ ከየት የመጣ ነው?» ያልሽው ተገቢ ጥያቄ ነው። በስልክ ስናወራው ጨዋታው ወደ ሌላ እየሄደ ስለሚያስቸግር መልሱን ጻፍኩልሽ። መነጽርሽን አድርገሽ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ጉበት ላይ የሚጠራቀመው ስብ አብዛኛው በአፍ የገባ ስብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ አንድ ጥናት የዚህ በሽታ ታማሚዎች ጉበት ውስጥ ያለውን ስብ ምንጩን ሲለካ፣ 59 በመቶው በሰውነት ውስጥ ከተከማቸው ስብ ተለቆ በደም የመጣ፣ 26 በመቶው ጉበት ራሱ ከስኳርና ከመሳሰለው የሠራው ሆኖ ተገኘ። በቀጥታ ከምግብ የመጣው ስብ 15 በመቶ ብቻ ነበር። ነገሩን የሚያበላሸው ሰውነት ኢንሱሊንን፣ ማለትም የደም ስኳርን የሚቆጣጠረውን ሆርሞን፣ እሺ ማለት ሲያቆም ነው። ሆድ አካባቢ ውፍረት ሲጨምርና እንቅስቃሴ ሲቀንስ፣ የተከማቸው ስብ ያለ ልክ ወደ ደም ይለቀቃል። ቆሽት ደግሞ ለማካካስ ኢንሱሊን ታበዛለች፤ የበዛው ኢንሱሊን ጉበት ስኳሩን ወደ ስብ እንዲለውጥ ይገፋዋል። ስለዚህ የስኳር በሽታሽና የጉበትሽ ስብ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች መስለው አይታዩሽ፤ ምንጫቸው አንድ ነው።

አሁን ወደ ጓዳሽ ልግባ። በቀን አራት ብርጭቆ ሻይ፣ ለእያንዳንዱ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ትጨምሪያለሽ። አንዱ ማንኪያ 4 ግራም ያህል ስለሚይዝ በቀን 48 ግራም ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ25 ግራም በታች ቢሆን ይመረጣል ይላል። ከስኳሩ ግማሹ ፍሩክቶስ የሚባለው ነው፤ እሱን በአብዛኛው የሚያስተናግደው ጉበት በመሆኑ በቀላሉ ወደ ስብ ይቀየራል። «እንግዲያው በማር ልለውጠው» እንዳትዪኝ፤ ማርም አብዛኛው ስኳር ነው፣ ፍሩክቶሱም አያንስም። ስፕሪስና ለስላሳ መጠጥም ከዚሁ ይቆጠራሉ። ፍሬውን እንዳለ ብዪው እንጂ አስጨምቀሽ አትጠጪው። ሻዩን በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ እየቀነስሽ ብትሄጂ ምላስሽ ይለምደዋል፤ በአንድ ቀን ከቆረጥሽው ግን በሦስተኛው ቀን ተመልሰሽ ትገቢበታለሽ።

ዘይቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የጾም ምግብ ነገር እዚያ ላይ ነውና። ሦስት ሆናችሁ ባለ 5 ሊትሩን ጀሪካን በወር ትጨርሳላችሁ። ሲካፈል ለአንድ ሰው በቀን 55 ሚሊ ሊትር፣ ወደ አራት የሾርባ ማንኪያ ማለት ነው፤ ይህ ብቻውን 460 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሆናል። ለወሩ 2 ሊትር ተኩል ይበቃችኋል። ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ጠዋት ጠዋት ረግቶ የሚያስቸግርሽ ዘይት ፓልም ነው። ግማሽ ያህሉ የሚረጋው ዓይነት ስብ ስለሆነ ጉበት ላይ ስብ በማከማቸት ከፈሳሾቹ ዘይቶች ይብሳል። የኑግ ወይም የሱፍ ግዢ። ዋጋው ቢወደድም መጠኑ በግማሽ ሲቀንስ ይቻቻላል።

ወጡ ያለ ዘይት አይጣፍጥም ለምትዪው፦ ሽንኩርቱን በደረቁ ድስት ላይ አድርገሽ እሳቱን ቀንሺ፤ ሊይዝ ሲል ውሃ ጠብ እያደረግሽ እስኪለሰልስ አቁላዪው። በርበሬውንም በውሃ እያበረድሽ ጥሬነቱ እስኪለቅ ድረስ 20 ደቂቃ ያህል ይንተክተክ። ዘይቱን በመጨረሻ፣ በማንኪያ ለክተሽ፤ ለአራት ሰው ወጥ 3 የሾርባ ማንኪያ። እሳቱ ከበዛ ሽንኩርቱ አሮ ይመርራል፣ ያኔ እጅ ሳይታወቀው ወደ ጀሪካኑ ይሄዳል። ሳምቡሳና ፓስቲ ግን በምንም ዘዴ አይታረቁም፤ ለበዓል ይሁኑ።

በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይተሽ ስትፈቺ መጀመሪያ የሚቀርበው ነጭ ዳቦና ስኳር የበዛበት ሻይ ነው። በባዶ ሆድ ደም ውስጥ የስኳር መጠንን የሚያሻቅበው ይሄ ነው። በጎመኑና በምስሩ ጀምሪ፣ እንጀራውን ከእነሱ ጋር፣ ዳቦውን ተይው። ማካሮኒና ሩዝም ከዳቦ አይሻሉም። ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ ሽሮ በየማዕዱ ይኑሩ፤ በአንቺ ዕድሜ ኪሎ ሲቀንስ ጡንቻም አብሮ ይሄዳል፣ ፕሮቲኑ ያንን ይይዘዋል። የስኳር መድኃኒትሽን፣ ሜትፎርሚኑን፣ ከምግብ ጋር ውሰጂ። ሐኪሙ ወደፊት ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን ሌላ የስኳር መድኃኒት ከጨመረልሽ ግን ጿሚ መሆንሽን ሳትነግሪው አትጀምሪ፤ ሳይበሉ ከዋጡት ስኳርን አደገኛ ደረጃ ድረስ ሊያወርድ ይችላል።

ኪሎሽ 80 ነው። ከ2 ኪሎ ተኩል እስከ 4 ኪሎ ብትቀንሺ የጉበቱ ስብ መጉደል ይጀምራል። ከ5 ኪሎ ተኩል እስከ 8 ኪሎ ከሆነ በስቡ የተነሳ የሚመጣው የጉበት ቁጣም (ብግነት) ይበርዳል፤ 8ና ከዚያ በላይ ሲሆን የተጀመረ ጠባሳ እንኳ ሊመለስ ይችላል። ታዲያ በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ እንጂ ከዚያ አይፍጠን፤ በችኮላ ሲከሳ ስቡ ተጣድፎ ወደ ጉበት ይጎርፋል፣ የሐሞት ጠጠርም ያመጣል። ከሚዛኑ ይልቅ ወገብሽን ለኪ፦ ከታችኛው የጎድን አጥንትና ከዳሌ አጥንት መካከል፣ ተንፍሰሽ ስትጨርሺ። ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ ችግር ነው። ጎረቤትሽ ቀጭን ሆና ሳለ ይሄው በሽታ ተገኘባት ብለሽኝ ነበር፤ ይከሰታል፣ ስቡ ሆድ ዕቃ ውስጥ ከሆነ ከላይ ላይታይ ይችላል።

በሳምንት አምስት ቀን 30 ደቂቃ ፈጠን ብለሽ ሂጂ፤ እያወራሽ መሄድ የምትችዪበት፣ መዝፈን ግን የማትችዪበት ፍጥነት። ከምግብ በኋላ ቢሆን ለስኳርሽ ይበልጥ ይረዳል። በተጨማሪም ከወንበር እጅሽን ሳትደገፊ 10 ጊዜ ብድግ ቁጭ በዪ፣ አረፍ ብለሽ ድገሚው። የእግር ጡንቻ ስኳርን ከደም የሚወስድ ትልቁ ሠራተኛ ነው። ቡናሽን አትተዪ። አዘውትረው የሚጠጡ ሰዎች ጉበታቸው ላይ ጠባሳ ያነሰ ሆኖ ይታያል፤ አቦል ቶና በረካውን ያለ ስኳር፣ ከምሽት በፊት። ጠላውንና አረቄውን ግን ለእንግዳ ተዪው፤ ስብ ለያዘ ጉበት ትንሽ የሚባል አልኮል የለም።

ወረቀቱ ላይ «ግሬድ 2» የሚለው አስደንግጦሻል። ያ ስቡ በምስሉ ላይ ምን ያህል ደምቆ እንደታየ ነው እንጂ ጉበትሽ መጎዳቱን አይናገርም። የሚያሳስበው ጠባሳ ነው፤ እሱን ለመገመት ፊብ-4 የሚባል ስሌት አለ። ዕድሜሽን (67) ኤኤስቲ በሚባለው የጉበት ኢንዛይም (34) ታባዥዋለሽ፣ 2278። ከዚያ ደም የሚያረጋውን ፕላትሌትሽን በሺህ (215) በሌላው የጉበት ኢንዛይም፣ በኤኤልቲ (36) ስኩዌር ሩት፣ ማለትም በ6 ታባዥዋለሽ፣ 1290። የመጀመሪያው ለሁለተኛው ሲካፈል 1.77 ይመጣል። ከ65 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ከ2 በታች ከሆነ ከባድ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል ዝቅተኛ ነው። ከ65 በታች ላለ ሰው ወሰኑ 1.3 ነው፤ ያንን አይቶ የሚያስፈራራሽ እንዳይኖር። ስኳር ስላለብሽ በየዓመቱ ይደገም። ከ2 ካለፈ የጉበትን ጥንካሬ የሚለካው ፋይብሮስካን ይታዘዝልሽ። ኢንዛይሞቹ ደህና ናቸው መባሉ ብቻውን በሽታው የለም ማለት አይደለም፤ ብዙ ታማሚ ላይ ደህና ሆነው ይገኛሉ።

በቀጠሮሽ ቀን የሄፓታይተስ ቢና ሲ ምርመራ መሠራቱን ጠይቂ። አገራችን ላይ ሄፓታይተስ ቢ ብዙ ነው፤ የጉበት ስብ መኖሩ እሱ የለም ማለት አይደለም።

የኮሌስትሮሉን መድኃኒት፣ አቶርቫስታቲኑን፣ «ጉበት ይጎዳል» ብለውሽ እንዳቆምሽ ሰማሁ። እባክሽ ሐኪምሽን አማክረሽ መልሺው። የጉበት ስብ እሱን ለማቆም ምክንያት አይሆንም፤ ከዚህም በላይ የጉበት ስብ ያለበትን ሰው ከጉበቱ ይልቅ ቶሎ የሚገድለው ልቡ ነው። ይልቅ የምፈራልሽ በጆንያ የሚሸጠውን «ጉበት አጣቢ» ቅጠል ነው። ስብ የሚያጥብ ቅጠል የለም፣ ጉበት የሚያቃጥል ግን አለ። ሎሚ በሙቅ ውሃም ቢሆን ጥማት ይቆርጣል እንጂ ስብ አያወጣም። ፓራሲታሞል ለጉልበትሽ ስትወስጂ ባለ 500ውን በቀን ከ6 ፍሬ አታሳልፊ፤ የጉንፋን መድኃኒቶቹም ውስጥ ፓራሲታሞል ስላለ አብረሽ ቁጠሪው።

አዳዲስ መድኃኒቶች ወጥተዋል፤ አሜሪካ ውስጥ ሬስሜቲሮም በ2024፣ ሴማግሉታይድ በ2025 ለዚህ በሽታ ተፈቅደዋል። የተፈቀዱት ግን ጠባሳቸው ከፍ ላለ ሰዎች ነው፤ አንቺ እዚያ አልደረስሽም፣ ከውጭ ይላክልኝ ብለሽ ማንንም አታስቸግሪ።

ዓይንሽ ቢጫ ከሆነ፣ ሆድሽ ካበጠ፣ ደም ካስታወከሽ፣ ሰገራሽ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ሐሳብሽ እየተምታታ እንቅልፍ ከበዛብሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂጂ።

ወገብሽን ዛሬ ለክተሽ ቁጥሩን ከቀኑ ጋር የመድኃኒት ካርድሽ ጀርባ ላይ ጻፊው፤ ከሦስት ወር በኋላ በዚያው ሜትር እንለካዋለን።

ልጅሽ