ቁምሳጥኑን ክፈቱልን

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣

አንድ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ አምስት ዓመት ረዳት መምህር ነበርኩ። ታፔላው ላይ «ሞንቴሶሪ» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ሞንቴሶሪ ልጅ በዕቃ እየሠራ በራሱ የሚማርበት ዘዴ ነው። ዕቃዎቹም አልጠፉም፤ ባለ መስታወት ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎባቸዋል። «ልጆች ያበላሹታል» ይባላል። የወላጆች ቀን ሲደርስ ወጥተው ይደረደራሉ፣ ማታ ይመለሳሉ። በቀረው ጊዜ ልጆቹ ከጥቁር ሰሌዳ ይገለብጣሉ። ሦስት ዓመት ያልሞላት ልጅ እርሳስ ጨብጣ ስታለቅስ አይቻለሁ። እጇን ይዤ ያጻፍኳትም እኔው ነኝ።

በጥቅምት የሞንቴሶሪ መምህርነት ሥልጠና ጀመርኩ፤ በ38 ዓመቴ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ። ባለቤቴ «ልጅ መያዝ ደግሞ ትምህርት አለው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። እውነቱን ለመናገር እኔም እንደዚያ ሳላስብ አልቀረሁም። የመጀመሪያው ቀን ሥራችን ምስር ከአንድ ማንቆርቆሪያ ወደ ሌላው መገልበጥ ነበር። በዝግታ፣ አንዲት ፍሬ ሳትወድቅ። ዕድሜዬን ሙሉ ቡና የቀዳሁ ሴት ጠረጴዛውን ምስር በምስር አደረግሁት። ለካ እየገለበጥኩ አወራ ነበር። «ልጁ እጅሽን ይይ ወይስ አፍሽን ይስማ?» አሉኝ አሠልጣኟ።

ከሁሉም የከበደኝ ግን መታዘብ ነው። ጥግ ላይ ደብተር ይዞ ዝም ማለት። አንድ የአራት ዓመት ልጅ ሹራቡን ሲቆልፍ አንድ ቀዳዳ ዘለለ። ታች ሲደርስ አንድ ቁልፍ ተረፈው። እጄ በላኝ፤ ሄጄ ላስተካክልለት ምንም አልቀረኝ። ልጁ የተረፈችውን ቁልፍ አየት አድርጎ ሁሉንም ፈታና እንደገና ጀመረ። 11 ደቂቃ ፈጀበት። «ተሳስተሃል» ያለው ሰው የለም፤ ቁልፏ ነገረችው። ዕቃዎቹም የተሠሩት በዚሁ መላ ነው። 10 ሲሊንደሮች ያሉት እንጨት አለ፤ እያንዳንዱ ልክ የሚሆነው የራሱ ጉድጓድ ውስጥ ነው። አንዱ ከተሳሳተ መጨረሻ ላይ የሚተርፍ አለ።

ስለ ቁምሳጥኑ ያሳቀኝን ልንገራችሁ። ሐኪሟ ማሪያ ሞንቴሶሪ በ1907 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ፣ ሳን ሎሬንዞ በሚባል የድሆች ሰፈር የመጀመሪያውን የሕፃናት ቤት ስትከፍት ዕቃው እዚያም ይቆለፍበት ነበር። አንድ ቀን መምህሯ ሳትቆልፍ ሄዳ፣ በማግስቱ አርፍዳ መጣች። ስትደርስ ልጆቹ ራሳቸው ከፍተው፣ የሚፈልጉትን አንስተው እየሠሩ ናቸው። ሞንቴሶሪ ልጆቹን አልተቆጣችም። ልጅ እጁን ዘርግቶ የሚደርስበት ዝቅ ያለ መደርደሪያ አደረገችላቸው።

ነገሩ የፈረንጅ ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። አባቴ የቄስ ትምህርት ቤት ሲማር ትልቁ ልጅ ትንሹን ፊደል ያስቆጥር ነበር። ሁሉም በየራሱ ደረጃ፣ ስንደዶውን ይዞ። በሞንቴሶሪ ክፍልም ትልቅና ትንሽ ልጅ አብሮ ይማራል፤ ዕድሜ መቀላቀሉ ለእኛ አዲስ አይደለም። (አለንጋውን ግን የኔታ ጋ ይቅር።)

እንግዲህ ወላጆች ልጅ ልታስመዘግቡ ስትሄዱ ግድግዳ ላይ የተሳለውን ሚኪ ማውስ ተዉት። መምህራኑ የት እንደሠለጠኑ ጠይቁ። ቁምሳጥን ካለ ደግሞ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ።

እኔ አሁን ማታ ማታ ፊደል እቆርጣለሁ፤ ልጅ በጣቱ እየዳሰሰ እንዲለየው፣ አናጢ በሚጠቀምበት ብርጭቆ ወረቀት። ለላቲኑ 26 ይበቃል፤ የእኛ 33 በ7፣ 231 ነው። ገና ረ ላይ ነኝ።

አንዲት ሠልጣኝ፣ ከኮተቤ