ኪቦርዱ አልተበላሸም፣ ማዘርቦርዱም አልሞተም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ፍርድ ቤት አጠገብ ትንሽ የጽሕፈትና ኮፒ ቤት አለችኝ። ፕሪንተሬ አሮጌ ናት፣ ግን ቀለሟ ርካሽ ነው። ችግሯ ዊንዶውስ ሴቨን ላይ ካልሆነ አትሠራም፤ ለአዲሶቹ የሚሆን ድራይቨር (ኮምፒውተሩ የተሰካበትን ዕቃ እንዲያውቅና እንዲያሠራ የሚያደርግ ፕሮግራም) አልወጣላትም። ባለፈው ወር ኮምፒውተሬ አልነሳም ሲለኝ ሴቨንን እንደገና እንዲጭንልኝ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ በፍላሽ መጫን ጀመረ። ገና ቋንቋ ምረጥ የሚለው ገጽ ላይ ማውሱም ኪቦርዱም ድርቅ አሉ። ሁለት ሦስት ጊዜ አጥፍቶ አበራውና «ማዘርቦርዱ ሄዷል፣ ሌላ ግዙ» አለኝ፤ ሁሉም ክፍል የሚሰካበትን ዋናውን ሰሌዳ ማለቱ ነው። ለምርመራ ብሎ ብርም ተቀበለኝ።

አምኜው እንቅልፍ አጥቼ ነበር። የእህቴ ልጅ ቤት መጥቶ ያደረገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኪቦርዱን፣ ማውሱንና ፍላሹን ከሰማያዊዎቹ የዩኤስቢ ቀዳዳዎች ነቅሎ ጥቁሮቹ ላይ ሰካቸው። ተጫነ!

ሴቨን የወጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፣ መጫኛው ውስጥ የዩኤስቢ 3 ድራይቨር የለም። ሰማያዊው ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ 3 ነው፣ ጥቁሩ 2። ስለዚህ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ደህና ሲሠራ የነበረ ኪቦርድ መጫኛው ሲከፈት ቀጥ ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቀዳዳው ነው። ፍላሹ ሰማያዊው ላይ ሲሆን ደግሞ የሲዲ ወይም የዲቪዲ ድራይቨር ይጎድላል የሚል መልእክት ይመጣል፣ ሲዲ የሚባል ነገር በሌለበት፤ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ በወጡ ብዙ የኢንቴል ማሽኖች ግን ጥቁሩም አያድንም፣ ሁሉም ቀዳዳ በ3 በኩል ነው የሚያልፈው። ለእነሱ ድራይቨሩን አስቀድሞ ፍላሹ ላይ ካለው መጫኛ ጋር ማዋሃድ ያስፈልጋል።

እንደኔ ሴቨን የግድ የሆነባችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ ፎርማት ከመደረጉ በፊት ፋይላችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ። ኢንተርኔትም አታገናኙት። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 14 ቀን 2020 ጀምሮ ለተራው ተጠቃሚ የደህንነት ማሻሻያ መስጠት አቁሟል፤ እኔ የደንበኞቼን ኢሜይል በስልኬ ተቀብዬ፣ በቫይረስ ማጽጃ ባለፈ ፍላሽ ነው የማስገባው።

ጥገና ላይ ላላችሁ ወንድሞችና እህቶች፦ ማዘርቦርድ ሞቷል ከማለታችሁ በፊት ኪቦርዱን ጥቁሩ ቀዳዳ ላይ ሰክታችሁ ሞክሩ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ለአዲስ ኮምፒውተር የሁለት ወር የቤት ኪራይ ላወጣ ነበር።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ